እየሳቀች የከፈተችው በር

ለንደን፣ ሆሎዌይ
ሐሙስ፣ ጥቅምት 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽም ለምፈራሽም እህቴ፣ ለመምህርት ብፅዓት፤ ደሴ

መጀመሪያ ቀዩን እስክሪብቶ አስቀምጪው። ይሄ የአራተኛ ክፍል ደብተር አይደለም፤ ስሕተቴን ማክበብ ከጀመርሽ ለጥምቀትም አትጨርሺው። ከሰባተኛ ክፍል ተነቅዬ መጥቼ፣ እዚህ ደግሞ ኮሌጁን በሦስት ወር ያባረርኩት ሰው ነኝ። እነሱ አባረርነው ይላሉ፣ አትስሚያቸው። ፊደሌን እንደ መልኬ ቻዪው።

ሁለተኛ፣ ብቻሽን አንብቢው። እማዬ አጠገብሽ ካለች እጠፊውና ወደ ጓሮ ውጪ። «ከማን ነው?» ካለችሽ «ከተማሪ ወላጅ» በያት። ስትዋሺ ጆሮሽ ስለሚቀላ ሻሽ አስረሽ ዋሺ።

ያልደወልኩት ስልኬን ፖሊስ ስለወሰደው ነው። ቆይ፣ አትጩኺ! እኔ አልታሰርኩም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የተነበይሽልኝ ገና አልደረሰም። በሰው ስልክ እንዳልደውል ደግሞ እማዬ ቀምታ ድምፁን ትለቀውና ሰፈሩ ሁሉ ያዳምጠኛል። ስለዚህ ከቤተ ክርስቲያን የምናውቃቸው ጋሽ ሰይፈሥላሴ ቅዳሜ ማታ ስለሚበሩ፣ በእጃቸው ሊያደርሱልኝ ቃል ገብተዋል። «ኪሎዬ ሞልቷል ልጄ» ሲሉኝ «ወረቀት እኮ ነው ጋሼ» አልኳቸው። ምን እንደተጻፈበት ያውቃሉ። ራሳቸውን ነቀነቁልኝ።

እንግዲህ ልጻፈው። እትዬ ሮማንወርቅ ሞታለች።

ይቺን መስመር አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ቀድጃለሁ። የእማዬን እህት ሞት ቀስ አድርጌ ልነግርሽ ነበር ሐሳቤ፤ ቀስ የሚባል መንገድ አጣሁላት። አሁን ቁጭ በይ። ተቀምጠሽ ቀጥዪ።

ታማ አይደለም። ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ሰው ቤት ገብቶ ገደላት። እንዴት እንደሆነ አልጽፍልሽም፣ ስንገናኝም አትጠይቂኝ። ብዙ አልተሠቃየችም ብለውኛል። ይሄን ለሁሉም እንደሚሉ አውቃለሁ፤ ግን እኔ ይዤዋለሁ፣ አንቺም ያዢው።

እሷ አራተኛዋ ናት። ከሐምሌ ጀምሮ በዚህ ከተማ አሮጊቶችን እየዞረ የሚገድል ሰው አለ። ሃርልስደን ሁለት፣ ክሮይደን አንድ። ሦስቱም ብቻቸውን የሚውሉ፣ ሦስቱም በቀን፣ ሦስቱም በራቸው ሳይሰበር። በኢንተርኮም «የጋዝ ተቆጣጣሪ ነኝ» ይላል፣ እነሱ ይከፍታሉ። ፖሊስ ለእሱ ብቻ ሃያ ሁለት መርማሪ አንድ ክፍል ውስጥ ሰብስቧል። አንድ ቀን ኮሪደር ላይ ስጠብቅ ክፍሉ ሲከፈት አጮለቅሁ። ግድግዳው ላይ የሰው ፎቶ የተሰቀለ መስሎኝ ነበር፤ የተሰቀለው የበር ፎቶ ነው። ሦስት በር፣ ጎን ለጎን።

ይሄ የአለቃቸው የቤንጃሚን ሥራ ነው። ቁም ሣጥን የሚያህል ሰውዬ ሆኖ ሲናገር ግን የሚያንሾካሹክ ነው የሚመስለው። «ማን ገደለ?» አይልም። «በሩ ለምን ተከፈተ?» ነው የሚለው። በሩ ለምን እንደተከፈተ ካወቀ ሰውየውን እንደሚያገኘው ያምናል። ከእሱ ጋር የምትሠራው ሳባ ደግሞ የኛው ልጅ ናት፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገች። አማርኛዋን ብትሰሚ ወላጅ ታስጠሪያለሽ፤ እኔን «እርስዎ» እያለች ቄሱን «አንተ» ትላለች።

ይቺ ሳባ መስከረም መጨረሻ ላይ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ መጥታ ነበር፣ እናቶችን ልታስጠነቅቅ። ወረቀት አደለች፣ ከዚያ እጇን እንደ ትራፊክ አንሥታ፣

«እናቶች፣ ጋዝ ነኝ ካለ አትክፈቱ! ውኃ ነኝ ካለ አትክፈቱ! ለማታውቁት ድምፅ አትክፈቱ!»

እኔ መች አርፌ እቀመጣለሁ? እጄን አወጣሁ። «የካውንስል ግብር ሰብሳቢ ነኝ ካለስ? እሱንም አለመክፈት ይፈቀዳል?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እትዬ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። ሳባ ግን አልሳቀችም።

«እርስዎ ስምዎ ማነው?»

«ባፈና።»

ጻፈችው። እዚያው ፊቴ ላይ ጻፈችው።

እትዬ ግን ወረቀቱን ማቀዝቀዣው ላይ በማግኔት ለጠፈችው። በሩ ላይ ሰንሰለት አስገጠመች። ቦይለር ሊጠግን የመጣውን ሰውዬ መታወቂያውን በበሩ ፖስታ ቀዳዳ ቢያሳያትም አልከፈተችለትም፤ ሁለት ሳምንት በቀዝቃዛ ውኃ ታጠብን። ለጋሼ ዐብዱ እንኳ «ስምህን ከነአባትህ ተናገር!» ትላቸው ነበር።

ጋሼ ዐብዱን በስልክ ሰላም ብለሻቸዋል፤ የኮምቦልቻው ሰውዬ፣ ሆሎዌይ ሮድ ላይ ሱቅ ያላቸው። የእትዬ ጉልበት ከታመመ ወዲህ ሽሮውንም በርበሬውንም ሽንኩርቱንም ማክሰኞ ማክሰኞ አራተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክመው የሚያመጡላት እሳቸው ናቸው። አሥራ ሁለት ዓመት። ዕቃውን ያስቀምጡና ደሴ ይበልጣል ኮምቦልቻ ይበልጣል እያሉ በሩ ላይ ይጨቃጨቃሉ። እሷ «አንተ ቆላ የበላህ!» ትላለች፣ እሳቸው «አንቺ ጭጋግ የጠጣሽ!» ይላሉ፣ ይሄዳሉ። ፍቅራቸው ይሄ ነበር።

ያን ቀን እኔ በአሠሪዬ በንዋይ ካፌ ዕቃ ሳጥብ ነበር። ካሜራ ላይ አለሁ፤ ቤንጃሚን ሦስት ሰዓት ሙሉ ድስት ስፈገፍግ አይቶኛል፤ እማዬ ብታየው «ልጄ አይደለም» ትል ነበር። ዘጠኝ ተኩል ላይ ቤት ደረስኩ። ደወልኩ፣ አልተከፈተም። በቁልፌ ገባሁ። ኮሪደሩ ላይ ነበረች። በቀኝ እጇ አንዱን ነጠላ ጫማዋን ይዛለች።

እዚህ ላይ ነው ሃያ ሁለቱም መርማሪዎች ግራ የተጋቡት። ጎረቤታችን የጃማይካዋ አሮጊት በግድግዳው በኩል ሰምታለች፤ ስምንት ሰዓት ላይ ደወል ጮኸ፣ እትዬ ሳቀች፣ ከልቧ ሳቀች ነው ያለችው፣ ቀጥሎ ሰንሰለቱ ሲፈታ ተሰማ። ሦስቱ ሴቶች ሲከፍቱ ማንም አልሳቀም። ቤንጃሚን እንዲህ ሲል ሰማሁት፦ «ይቺ ሴት ለማታውቀው አትከፍትም። እየሳቀች ከከፈተች የምታውቀው ነው። ይሄ የኛ ሰውዬ አይደለም፣ ሌላ ነው።» እና የኛን በር ፎቶ ከሦስቱ ለይቶ ሌላ ግድግዳ ላይ ሰቀለው።

የምታውቀው፣ ማክሰኞ የሚመጣ፣ የሚያስቃት፣ የእጁ አሻራ በየዕቃው ላይ ያለ ማነው?

ባለፈው ሐሙስ ጋሼ ዐብዱን ሱቃቸው በር ላይ ሰው እያየ ወሰዷቸው። ሁለት ቀን አቆይተው ፓስፖርታቸውንና መኪናቸውን ይዘው በዋስ ለቀቋቸው። ሱቁ እስካሁን ዝግ ነው። ዓመታት ሙሉ ከሳቸው በርበሬ የገዙ ሴቶች «ዓይኑ ድሮም አያምረኝም ነበር» እያሉ ነው። አንዱ ዓይናቸው ሞራ አለበት እኮ፣ ብፁ! እንዴት ይመር?

ሳባ እኔን ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ። «እሷን የሚያስቃት ማነው? ጫማዋን ለምን ያዘች? ልትመታው ነው?»

«እንጃ» አልኳት።

አሁን ተመለሺና ዘጠኝ ተኩል ላይ ደወልኩ ያልኩሽን እንደገና አንብቢው። እንዴት እንደደወልኩ አልነገርኩሽም።

እኔ ቁልፍ እያለኝ በቁልፍ ገብቼ አላውቅም። ታች ኢንተርኮሙን እጫንና ድምፄን አወፍሬ «ጉድ አፍተርኑን ማዳም፣ ጋዝ ቼክ!» እላለሁ። አምና መጀመሪያ ሳደርገው እውነት መስሏት ተርበተበተች፤ ስታውቅብኝ ደግሞ ሳምንት አኮረፈችኝ። ከዚያ ለመደችው። ከዚያ ወደደችው። «ኖ ጋዝ! ጎ ሆም!» ትልና እየሳቀች ትከፍትልኛለች። አራት ፎቅ እስክወጣ አንድ ጫማዋን አውልቃ በሩ ጀርባ ታደባለች። ራሴን በሁለት እጄ ሸፍኜ እገባለሁ። ካገኘችኝ ዕቃ አጥባለሁ፣ ከሳተችኝ ሻይ ታፈላልኛለች። አብዛኛውን ጊዜ ታገኘኛለች፤ የጉልበት እንጂ የእጅ ሕመም የለባትም።

ሳባ ወረቀቱን ካደለች በኋላ ተውን ብለሽ ታስቢያለሽ? ባሰብን! ድምፄን ስትሰማ «ውይ፣ ገዳዩ መጣ!» እያለች ነበር የምትስቀው። ፈርታ ነበር። ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ስትፈራ ውላ፣ የምትፈራው ድምፅ እኔ ሆኜ ስገኝ ነው እንደዚያ የምትስቀው። ይሄ አሁን ነው የገባኝ።

ያን ማክሰኞ ደወሉ ጮኸ። ወፍራም ድምፅ «ጋዝ ቼክ» አለ። ሳቀች። ሰንሰለቱን ፈታች። ጫማዋን አውልቃ በሩ ጀርባ ቆመች።

እኔን ነው የጠበቀችው፣ ብፁ።

ለማታውቀው ድምፅ እንዳትከፍት ፖሊስ ነገራት፤ እሺ ብላ ነበር። የማታውቀው ድምፅ ሁሉ የኔ እንደሆነ ደግሞ ዓመት ሙሉ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። አንቺ መምህር ነሽ፤ እንዲህ የተዋጣለት ትምህርት አስተምረሽ ታውቂያለሽ?

እኔም ዘጠኝ ተኩል ላይ ስደርስ «ጋዝ ቼክ» ነው ያልኩት። ዝም ስትል «ውኃ ቼክ» አልኩ። ቀጥሎ የንጉሡ ሐኪም ሆንኩ። አድብታ የምትጠብቀኝ መስሎኝ አምስት ደቂቃ ሙሉ ታች ቆሜ ድምፅ ስቀያይርላት ነበር። እሷ ግን እላይ ቤት…

ይሄን ለማንም አልተናገርኩም። ሁለት ጊዜ ልናገር ብዬ ሳባ ጋ ሄጃለሁ። የመጀመሪያው ቀን «አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር» አልኳት። «ምን?» አለች፣ እስክሪብቶዋን አንሥታ። «አማርኛሽ ተሻሽሏል» ብያት ወጣሁ። ሁለተኛው ቀን ቤንጃሚንም ነበር፤ ስለ ጫማው ቁጥር ቀለድኩ። ጫማው በላስቲክ ታሽጎ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ ቁጥር ተለጥፎበት። አፌ እንደዚህ ነው፤ ስፈራ ራሱ ይከፈታል፣ የሚወጣው ግን የፈለግሁት አይደለም። ብናገር እትዬን ማን እንደገደላት የሚታወቅ ይመስለኛል። ሰውየውን ማለቴ አይደለም።

አንድ ነገር ቀረ፤ ደብዳቤውን ያስጻፈኝም እሱ ነው። እሑድ እማዬ እንዳትጨነቅ ብዬ በንዋይ ስልክ መደወሌ ትዝ ይልሻል?

«ሮማንን ስጠኝ» አለች።

«ጉንፋን ይዟት ድምፅ የላትም፣ እማ።»

«ድምፅ ባይኖራትም ስጠኝ፤ ስትተነፍስ ልስማት።»

ምን ላድርግ? ስልኩን ከአፌ አራቅሁና ሳልኩ። የእትዬን ሳል። ከዚያ «ደኅና ነኝ እቴ፣ አታስቢ» አልኩ፣ በእሷ ድምፅ። ስንት ጊዜ ፊቷ አስመስያት አስቄያታለሁ፤ እንደዚያ ቀን ተሳክቶልኝ አያውቅም። እማዬ «ዝንጅብል ጠጪ፣ እግዜር ይማርሽ» አለቻት። አንቺም ከኋላ «ሰላም በያት» ስትዪ ሰማሁሽ። ስልኩ እንደተዘጋ አንዱን ድስት ሦስት ጊዜ አጠብኩት።

ሁለተኛ አልችልም። እንደ ደንቡ መርዶውን አንቺ አስነግሪ። ጋሽ ሰይፈሥላሴ ሰኞ ደሴ ይገባሉ። አጎታችንን ጋሽ ደምመላሽን ጥሪ፣ ጎረቤት ጥሪ፣ ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ ይሁን፤ እሷ ከአልጋ ሳትወርድ፣ ሰው ግራና ቀኝ ይዟት። እስከዚያ ከጠየቀችሽ ስልኩ ተሰብሯል በያት። ለቀብሩ ምን ቀን እንደምትያት አላውቅም፤ አስከሬኗን ገና አልሰጡንም። ምርመራው ሳያልቅ አይሰጡም አሉ። መቼ ነው የሚያልቀው ስላቸው እነሱም አያውቁም።

ንዋይ እየጠራኝ ነው፤ ድስቱ ተቆልሏል።

.

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29፣ ጠዋት

ብፁ፣ አልጨረስኩም ነበር።

ትናንት ወደ ሥራ ስሄድ በጋሼ ዐብዱ ሱቅ በኩል አለፍኩ። መዝጊያው ላይ ሰው በቀይ ቀለም ጽፏል። ምን እንደሚል ይቅር። እሳቸው በርጩማ ላይ ቆመው በብሩሽ እየፈገፈጉ ነበር፣ ብቻቸውን፣ ጃኬታቸውን አውልቀው በዚያ ብርድ። ባለፍኩ ጊዜ ዞር አሉና «እንዴት አደርክ ባፈና፣ በላህ?» አሉኝ።

በላህ!

ሥራ አልሄድኩም። ሳባ ጋ ሄድኩ። «ዛሬ ከቀለድኩ በዚያ ጫማ ምቺኝ» ብዬ ጀመርኩ፤ እሱም ቀልድ ሆነ። ከዚያ ግን ነገርኳት። ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ሁሉንም ጠረጴዛው ላይ እያየሁ። ቤንጃሚንን ጠራችው። እስከ መጨረሻው ሰማኝና በዚያ በሹክሹክታው፣

«ድምፁን አሰማኝ» አለ።

አልወጣልህ አለኝ። እኔን! ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ የሚወጣው የሕፃን ድምፅ ሆነ። ሳባ ውኃ ሰጠችኝ። አራተኛው ላይ ወጣ። «ጉድ አፍተርኑን ማዳም…» ቤንጃሚን ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሰማው። ሲገልጠው አልተቆጣም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ተነሥቶ ወደዚያ ክፍል ገባ፤ በሩን አልዘጋውም። የኛን በር ፎቶ ከብቻው ግድግዳ ነቅሎ ከሦስቱ ጎን ሰቀለው።

ከሦስቱ ጎን አልኩሽ እንጂ ሦስት አልነበሩም። አራት ነበሩ። የኛ አምስተኛ ሆነ።

ሳባን አየኋት። «ሰኞ» አለች። «ክሮይደን። አንዲት እናት። አልሞተችም፣ ግን አትናገርም።»

ሰኞ። እነሱ ሆሎዌይ የጋሼ ዐብዱን መኪና ሲፈትሹ፣ እኔ «እንጃ» ስል።

«ቀድሜ ተናግሬ ቢሆንስ?» አልኳት።

እስክሪብቶዋን ከደነች። ፖሊስ ሆና ነው እህት ሆና የከደነችው፣ አልለየሁትም። «አላውቅም» አለች በመጨረሻ። «እርስዎ ሂዱ፣ ይብሉ።» ትናንት ሰው ሁሉ ብላ ይለኝ ነበር።

ሰውየው አልተያዘም። ድምፁን አሁንም የሚያውቅ የለም። ቤንጃሚን ያወቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ የኛ በር ለምን እንደተከፈተ።

የጋሼ ዐብዱን ፓስፖርት ትናንትናውኑ መለሱላቸው። ከሰዓት በኋላ ሱቃቸው ሄድኩ። ሳባ ቀድማ ነግራቸዋለች። መሬት ለመሬት እያየሁ ቆምኩ። ባንኮኒያቸውን ሲወለውሉ ቆዩና፣

«አሥር ቀን» አሉ። «አሥር ቀን ሙሉ ያ ሁሉ አፍህ የት ሄዶ ነው?»

የበርበሬውን ዋጋ ከመደርደሪያው ላይ ማንበብ ጀመርኩ።

ከሥር አንድ ፌስታል አወጡ። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ሽንኩርት። «በዚህ ማክሰኞ እጄ ሳያውቅ ቋጠረው» አሉ። «እሷ የለችም፣ ማን ይበላዋል? ውሰደው።» ተቀበልኳቸው። ደኅና ዋልም ደኅና እደርም አላሉኝም። ከኋላዬ መዝጊያውን አወረዱት፤ ቀዩ ቀለም ግማሹ ገና አለ።

ቤታችንን ዛሬ መልሰውልናል፤ እስካሁን ንዋይ ቤት ነበር የማድረው። ፌስታሉን ይዤ ነው የምገባው። ሽንኩርቱ ሳይበላሽ ምን እንደምሠራበት ጻፊልኝ፤ ከእንቁላል ሌላ የማውቀው የለም።

ጋሽ ሰይፈሥላሴ ሻንጣቸውን እየቆለፉ ስለሆነ ላብቃ። እማዬ አንድ ጥያቄ ትጠይቅሻለች፣ ከለቅሶዋ መሐል ቀና ብላ። እህቷን ታውቃታለች። «ሮማን እኮ ለሰው አትከፍትም፣ እንዴት ከፈተችለት?» ትልሻለች። እኔን ለማዳን ብለሽ ሌላ ነገር እንዳትፈጥሪ። «ባፈና መስሏት ነው» በያት። ሻሽ ማሰር አያስፈልግሽም። ጆሮሽ አይቀላም።

ቀሪውን ዕድሜ ለእማዬ ይጨምርላት። ለአንቺም ልብሽን ያጽናልሽ፤ በዚህች ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ እማዬ አልጋ ዳር መቆሙን ከእኔ ይልቅ ላንቺ የሰጠው እግዜር ያውቅበታል። በደብረ ጽዮን ስታልፊ ለእትዬ ጧፍ አብሪልኝ። አንድ ደግሞ ለክሮይደኗ እናት፤ ስሟን አልነገሩኝም፣ ዝም ብለሽ አብሪ።

ከእንግዲህ በቁልፍ የሚገባው ወንድምሽ፣

ባፈና